በዋዜማ የተከፈተ ሞተር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋራዣችን ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጣለ። በግ ታረደ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ኃላፊያችንም ከወረቀት ላይ አነበበ። «አያ ደሳለኝ በሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ቅሬታ ቀርቦባቸው አያውቅም» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ጋቢው ውስጥ ሆኜ ላብ አጠመቀኝ፤ ያውም በደብረ ታቦር ብርድ።

ቅሬታ ያልቀረበብኝ፣ ማቅረብ የነበረበት ሰው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስላላወቀ ነው። ስጦታው ይባላል። የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። በእኔ ፊርማ ምክንያት ሥራውንም ስሙንም አጥቶ ጋፋት ገባ፤ እዚያው ድንች እየተከለ ይኖራል። ያጨበጨበልኝን ሰው እያየሁ፣ እውነቱን ለስጦታው ሳልነግረው ብሞትስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ወደ አፌ አልገባ አለኝ። ይኸን መጻፍ የጀመርሁትም በዚያው ፍርሃት ነው።

ጥፋቱ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ሥራውን ማወቅ አለባችሁ።

ታይሚንግ ቺንጋ የምንለው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ከሞተሩ ፊት ለፊት በክዳን ተሸፍኖ ይቀመጣል። ታች ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግና ላይ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋውን ዘንግ እኩል የሚያስኬዳቸው እሱ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ቫልቩ መንገድ መልቀቅ አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ቫልቭ ይጣመማል፣ መኪናውም ባለበት ቀጥ ይላል። ፍሬን ሊያልቅ ሲል ይጮኻል፤ ጎማ ሲያልቅ በዓይን ይታያል። ቺንጋ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ምንም አይልም። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ሲያስፈራኝ የኖረው ይኸ ዝምታው ነው።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ የተቀጠርሁት ደብረ ታቦር የመንግሥት ጋራዥ ነበር። መሐል ላይ አራት ዓመት እብናት ተመድቤ አንዲት የመፍቻ ሣጥን ይዤ በሙቀት ስንገላታ ከርሜ ተመለስሁ። ደመወዙን ተዉት፤ የምናውቀው ነው። ኃላፊዎቹም ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ ሌላው ጽዳት ይወዳል። በሥራ ያሳደጉኝ ግን አያ ሙጨ ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ዘይት በነካው ጨርቅ እጃቸውን ሲጠርጉ የሚውሉ አሮጌ መካኒክ ነበሩ።

አያ ሙጨ ሾፌርን ኪሎ ሜትሩን አስቀድመው አይጠይቁትም። «ያ ቆጣሪ ወሬኛ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የግማሹ መኪና ቆጣሪ የሞተ ነበር፣ በሁለተኛ እጅ የሚገባውን ደግሞ ማን ወደ ኋላ እንደመለሰው አይታወቅም። እሳቸው የሚጠይቁት የት የት እንደሚሄድ ነው። ባትሪው የደከመ የእህል መኪና በገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይውላል፤ ሞተሩ ይሠራል፣ ቆጣሪው አይሠራም። የጉናን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት የሚወጣ መኪናም አሥር ኪሎ ሜትር ሄዶ የሠላሳውን ድካም ይደክማል። «መጽሐፉ መቶ ሺህ ካለ ለጉና መኪና ሰባ በለው» ይሉኝ ነበር። ብዙ የማይሄድ መኪና ካጋጠማቸው ደግሞ ዓመቱን ይቆጥራሉ፤ ጎማ ቆሞም ይደርቃልና። አሮጌ መኪና ገዝቶ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ከመጣ ያለ ክርክር ቺንጋውን ያስቀይሩታል።

ቺንጋ ብቻውን አይቀየርም፤ ይኸም የእሳቸው ሕግ ነው። ቺንጋውን የሚወጥረው ኩሽኔታ አብሮ ይቀየራል። ፊት ለፊት ያሉት የዘይት መግቻ ጎማዎች ይቀየራሉ፤ ዘይት ካፈሰሱ አዲሱን ቺንጋ ያበሰብሱታል። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ከሆነም ፓምፑ ይቀየራል። አንድ ጊዜ ለምን ደህናውን ዕቃ እንጥላለን ብዬ ተከራከርኋቸው። «የሞተሩን ፊት ለመክፈት ግማሽ ቀን ትፈጃለህ። በሃያ ደቂቃ ለሚገባ ኩሽኔታ ብለህ በወሩ እንደገና ልትከፍት ነው? ደግሞስ አዲስ ቺንጋ ጠንክሮ ይወጥራል፤ አሮጌው ኩሽኔታ ይኸን ይችለዋል ያለህ ማነው?» አሉኝ።

ኩሽኔታ ሲመረምሩ ጆሯቸው ስር ይዘው በጣታቸው ያሾሩታል። ከተንኮሻኮሸ ይጣላል፤ ይኸን ማንም ያውቃል። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ የሚሾረውን ይበልጥ ይፈሩት ነበር። አዲስ ኩሽኔታ በውስጡ ግራሶ የሚባለው ወፍራም ቅባት ስላለው ጣትህን ስትለቀው ቶሎ ይቆማል። ለስለስ ብሎ ብዙ የሚዞረው ግራሶውን የጨረሰ ነው። «ደስ አይበልህ፣ ደርቋል» ይላሉ፤ ወደ ብረት ክምሩም ይወረውሩታል።

በበዓል ዋዜማ ደግሞ የሞተር ፊት አይከፍቱም። እኛ አገር ለበዓል መፍቻ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ በዋዜማ የተጀመረ ሥራ ወይ ተበትኖ ያድራል ወይ በሩጫ ይዘጋል። ሰው ለጽድቅ የሚያደርጉት ይመስለው ነበር። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «የምን ጽድቅ! በዋዜማ ዓይንህ ደጅ ደጁን ያያል። ዓይን የሌለው እጅ ምን ይሠራል?» አሉ። ዋዜማ ሲሆን ዘይት ይቀይራሉ፣ ጎማ ይነፋሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው።

አያ ሙጨ ጡረታ ሲወጡ የዋና መካኒክነቱን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ኅዳር ሃያ ቀን፣ የጽዮን ዋዜማ፣ ስጦታው አምቡላንሷን ይዞ መጣ። ከሞተሩ ፊት ዘይት ይንጠባጠባል። ክዳኑን ገለጥ አድርጌ ሳይ ቺንጋው በዘይት ርሶ አብጧል። ጉና ስር ያሉትን ቀበሌዎች ሁሉ የምታመላልሰው ያቺ አንዲት አምቡላንስ ነበረች።

«አያ፣ ዛሬ ታደርሱልኛላችሁ?» አለኝ ስጦታው። ያን ጊዜ ገና የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር፤ ሳቂታ፣ መኪናዋን እንደ ሙሽራ የሚያጥብ። «ጉና ላይ ቀናቸው የደረሰ ሦስት ሴቶች አሉ። ስልክ እየደወሉልኝ ነው።»

«ዋዜማ ነው እኮ» አልሁት።

ይኸን የሰማው የዚያን ጊዜው ኃላፊ ከቢሮው ብቅ አለ። «አቶ ደሳለኝ፣ በበዓል ቀን ወረዳው ያለ አምቡላንስ ይዋል? ይሠራና ትውጣ» አለኝ።

ከፈትሁት። አያ ሙጨን አሰብኋቸው፣ ወላዶቹንም አሰብሁ፤ ወላዶቹ በለጡብኝ። ዛሬም ቢሆን መክፈቴ ጥፋት ነበር አልልም። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ቺንጋውና የዘይት መግቻዎቹ ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጡ። ኩሽኔታውም በካርቶኑ ወጣ። ካርቶኑን ስከፍተው ግን ቁጥሩ ሌላ ነው፤ የሌላ ሞተር ኩሽኔታ። ባሕር ዳር ወዳለው ዋናው ግምጃ ቤት ደወልሁ፤ «ከበዓሉ በኋላ እንልካለን» አሉኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። የጋራዡ ሰው እጁን ታጥቦ ጨርሷል። ስጦታው በር ላይ ቆሞ ስልክ ይዟል። አሮጌውን ኩሽኔታ ጆሮዬ ስር ይዤ አሾርሁት። ዞረ፤ ዞረ፤ አልቆም አለ። ድምፅ የለውም። ደረቅ መሆኑን አውቄያለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም። ለሦስት ለአራት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ አዲሱ ሲመጣ እቀይረዋለሁ አልሁና መልሼ አሰርሁት።

የሁለቱን ዘንጎች ምልክት አስተካከልሁ፣ ሞተሩን እንደ ደንቡ በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርሁት፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ሥራው ያማረ ነበር። ቀጥሎ የመውጫ ወረቀቱ መጣ። ወረቀቱ ላይ ከግምጃ ቤት የወጡት ዕቃዎች ተዘርዝረዋል፦ ቺንጋ፣ የዘይት መግቻ፣ ኩሽኔታ። ኩሽኔታው አልተገጠመም ብዬ ብጽፍ ኃላፊው መኪናዋን አያስወጣም ነበር። «ሁሉም ተቀይሯል» ከሚለው ስር ፈረምሁ።

«ደህና ናት አያ?» አለ ስጦታው ቁልፉን ሲቀበለኝ።

«ደህና ናት» አልሁት።

በኅዳር ሃያ አራት ትክክለኛው ኩሽኔታ ከባሕር ዳር ደረሰኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። አሁን መኪናዋን መጥራት ብቻ ነው የቀረኝ። ግን ምን ብዬ? ወረቀቱ ተቀይሯል ይላል፣ ፊርማዬም አለበት። ብጠራት ለምን ተከፈተች ይባላል፤ መዋሸቴ ይወጣል። የዋና መካኒክነት ቦታዬን አሰብሁ፣ ልጆቼንም አሰብሁ። ለስጦታው ደወልሁና «ለዘይት ብቅ በል» አልሁት። «አያ ደግሞ! ዘይቷ እኮ ገና ማር ነው። ወላድ እያመላለስሁ ነው፤ በኋላ እመጣለሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

እንዲያ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ። አምቡላንሷ በጋራዡ በር በኩል ስታልፍ ሥራዬን ጥዬ ጆሮዬን እተክላለሁ። ድምፅዋ ከራቀ በኋላም እቆማለሁ። ሚስቴ ምግቤን ትቼ ስነሣ አይታ ሐኪም ቤት ሂድ ትለኝ ነበር። ኩሽኔታውን ከሥራ ሱሪዬ ወደ ቤት ሱሪዬ፣ ከቤት ሱሪዬ ወደ ሥራ ሱሪዬ አዛውረዋለሁ። ሁልጊዜ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኃላፊው እየሮጠ መጣ። አምቡላንሷ ጉና ዳገት ላይ ቆማለች አለኝ። ውስጧ ምጥ የጠናባት የሺ የምትባል ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ኳ ብሎ ጸጥ አለ አሉ። ስጦታውና ባሏ ቃሬዛ ሠርተው ከአካባቢው ሰው ጋር እየተቀባበሉ ሦስት ሰዓት ተሸክመዋት ጤና ጣቢያ አደረሷት። የሺ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ቀድሜ የከፈትኋት እኔ ነኝ፤ ባለሙያው እኔ ነኛ። ኩሽኔታው ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል፣ ነክሶ መዞር አቁሟል፣ ቺንጋው ጥርሱ ተግጦ ወልቋል። ማንም ሳያየኝ ኩሽኔታውን ፈትቼ አወጣሁት። በቦታው ከኪሴ ያወጣሁትን አዲሱን አሰርሁ። እጄ ያኔ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸ ነው።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቁሞ ጠየቀኝ። ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው፣ ወረቀቱም ይመሰክራል። ታዲያ ምን ሆነ? «ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ ሲጫኑት ቺንጋ ሊዘል ይችላል» አልሁ። ሾፌሩ ነው አላልሁም። እንዲህ ማለት ሌላ ምን ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ኮሚቴው «የሾፌሩ ጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጻፈ። ስጦታው ከመሪ ተነሥቶ የዘበኝነት ሥራ ተሰጠው። አንድ ወር ሠርቶ ተወው፤ ወደ አባቱ መሬት ጋፋት ገባ። የየሺ ዘመዶች ገበያ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞሩበታል ሲሉ ሰማሁ።

አያ ሙጨ ወሬውን ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። ክዳኑ ገና ክፍት ነበር። አዲሱን ኩሽኔታ ጎንበስ ብለው አዩት። የወለቀው ቺንጋ ጥርሱ ተግጦ፣ ኩሽኔታው ግን ጭረት እንኳ የሌለበት መሆኑን አዩ።

«መቼ ነው የከፈትኸው?» አሉኝ።

«ኅዳር ሃያ።»

«አሮጌውን ኩሽኔታ አሳየኝ።»

ጎንበስ ብዬ መፍቻዎቼን መሰብሰብ ጀመርሁ። እሳቸውም ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ፤ ጋራዡን ዳግመኛ አልረገጡም። በሦስተኛው ዓመት ሲሞቱ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። አፈር እስኪለብሱ ድረስ አላለቀስሁም፤ ቤቴ ገብቼ ግን እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት።

ከዚያ ወዲህ በቺንጋ ጉዳይ ዕብድ ሆንሁ። ኩሽኔታው ያልተሟላ ሥራ አልከፍትም አልሁ። ከኃላፊ ጋር ተጣላሁ፣ ሾፌር አስለቀስሁ። የጋራዡ ልጆች «አያ ቺንጋ» ብለው ስም አወጡልኝ፤ እየሳቁ በክዳኖች ላይ የተቀየረበትን ቀን በነጭ ቀለም ይጽፉልኝ ነበር። ጥንቁቅ የተባልሁት በዚህ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቺንጋ ጭራሽ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተማችን ገቡ። አንዷን ኮፈኗን ከፍቼ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየኋት። ለእኔ የሚሆን ሥራ አልነበረባትም፤ ቅናት ነገር ተሰማኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ያደረግሁትን ሁሉ በሦስት ቅጂ ጻፍሁ። አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ አስገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንብባ ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኋት፤ ማኅተም መታችበት። አንዱን ለየሺ ባል ላክሁ። ሦስተኛውን ይዤ በእግሬ ወደ ጋፋት ወረድሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን አራት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። ሁለቴ ለመመለስ ተነሥቼ ነበር።

ስጦታው ድንቹን እየኮተኮተ አገኘሁት። ጠጉሩ ሸብቷል። ሲያየኝ ደስ ብሎት መቆፈሪያውን ጣለና ሮጦ መጣ። «አያ ደሳለኝ! እንዴት ነዎት? ጡረታ ወጡ ሲሉ ሰምቼ…»

«ተው፣ አትሳመኝ። መጀመሪያ ስማኝ» አልሁት።

እዚያው እርሻው መሐል ቆሜ ነገርሁት። ዋዜማውን፣ የተሳሳተውን ካርቶን፣ ፊርማውን፣ ኪሴ ውስጥ የከረመውን ኩሽኔታ፣ ለኮሚቴው ያልሁትን። ምንም አላስቀረሁም። ስጨርስ መቆፈሪያውን ከመሬት አነሣው። ይመታኛል ብዬ ቆምሁ፤ ቢመታኝ እወድ ነበር። እሱ ግን ተደገፈበት።

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። አላየውም።

«ሁለተኛ ላይ ነበርሁ» አለ።

«ምን?»

«ማርሹ። ዳገቱን በሁለተኛ ነበር የያዝሁት። ሴትዮዋ ስትጮኽ ጊዜ ቸኮልሁ። አንደኛ ማስገባት ነበረብኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንደኛ ባስገባስ ኖሮ?»

«ይቆም ነበር ስጦታው።»

«ቀስ ብዬ ብወጣውስ?»

«ቀስ ብትልም ኩሽኔታው ይነክስ ነበር። ደርቋል እኮ። ያን ቀን ባይሆን በማግሥቱ።»

«ጠዋት ሳስነሣት ትንሽ ባሞቃትስ?»

«ምንም ብታደርግ። አንተ ልታደርገው የምትችለው ምንም ነገር አልነበረም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ሰው ፈርዶበት እሱ ንጹሕነቱን እያወቀ ተበድሎ የሚኖር መስሎኝ ነበር የኖርሁት። እሱ ግን ኮሚቴውን አምኖታል። መንጃ ፈቃዱ እጁ ላይ እያለ አሥራ አንድ ዓመት መሪ ያልነካው ስለከለከሉት አይደለም። የሰው ልጅ ገደልሁ ብሎ ነው።

ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ተጣራ። ሙሉ እጇ ጭቃ እንደሆነ መጣች፤ እኔን ሳለቅስ አይታ ሰው የሞተ መሰላት።

«ለእሷም ይንገሯት» አለኝ።

ነገርኋት። ቆማ መስማት ጀምራ ተቀምጣ ጨረሰች። የባሏን ጉልበት በጭቃማ እጇ ያዘች።

«እሱ እኮ በእንቅልፉ ፍሪሲዮን ይረግጣል» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ግራ እግሩ ሲረግጥ፣ ሲረግጥ ነው የሚያነጋው። ምንድን ነው ስለው ማርሽ ልቀንስ ነው ይለኛል።»

ስጦታው አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ የምሄድ መስሎኝ ወረቀቱን አጥፌ ነበር። እጄን ያዘና አስቀመጠኝ።

«አያ» አለኝ፣ «አንደኛ ባስገባ ኖሮስ? እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።»

እንደገና ነገርሁት።